ተቀባይ ያጣው መንዙማ

«ሃይማኖት?» አለኝ መዝጋቢው፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ።

«የለኝም።»

ቀና አለ። የተናደደ አይመስልም፤ የደከመው ሰው ነበር። «የአንቺን አልጠየቅኩም። የቤተሰብሽን ነው።»

«እናቴ ኦርቶዶክስ ነበረች።»

«እንዲያ በይ እንጂ» ብሎ ጻፈ።

ያን ዕለት ከሰዓት ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አንድ ወዳጃችን ቤት ተሰብስበን ስለ አንድ መጽሐፍ እንወያይ ነበር። ብዙ ሰው የሚያዝበት ሰሞን ስለነበር ከመካከላችን «የዛሬዋን ስብሰባ እንዝለላት» ያለ ነበረ፤ ሳንዘላት ቀረን። የመጡት ሰዎች አንኳኩተው ነው የገቡት። አንደኛው ጠረጴዛው ላይ ያለውን መጽሐፍ አንሥቶ የጀርባውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበበና «ይሄ ስለ ምንድን ነው?» አለ። ስለ አንድ ገበሬ ነው አልነው። «ስለ ገበሬ ብቻ?» አለ። መጽሐፉን ብብቱ ሥር ከትቶ ሁላችንንም ተነሡ አለን።

የገባንበት ጣቢያ የካ ውስጥ ነው፤ የትኛው እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ወንዶቹን ወደ ግቢው ማዶ ወሰዷቸው፣ እኔን ወደ ሴቶቹ ክፍል። ክፍሉ ዱሮ ዕቃ ቤት ሳይሆን አይቀርም፤ ግድግዳው ላይ የመደርደሪያ ምልክት አለ። ፍራሽ ከፍራሽ ተያይዞ ተነጥፏል። በረኪናና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። ከጣሪያው ሥር ሽቦ የተወጠረበት ትንሽ መስኮት ነበረ፤ ፍራሽ ላይ ቆሞ አንገቱን ላሰገገ ሰው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጫፍ ጫፉ ይታየዋል። የመስኮቱን ከፍታ በክንድ ልናገር ነበር፤ አልለካሁትም፣ ስለዚህ ልተወው።

የክፍሉ ተጠሪ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም የምትነግድ ሴት ነበረች። ባሏን ሊይዙ መጥተው ሲያጡት እሷን ይዘው ሄዱ። «ባሌ ሲጠፋ የት እንደሚገባ ባውቅ ኖሮ ከነሱ በፊት እኔ ነበርኩ የምይዘው» ትላለች። መጽሐፍ ስናነብ እንደተያዝን ስነግራት «ቲቸር» ብላ ሰየመችኝ። አስተማሪ አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ሰው ቤት ተቀጥሬ እየሠራሁ፣ በማታ ትምህርት፣ በዕድሜ ከኔ የሚያንስ መምህር ፊት ተቀምጬ። አሁን ማተሚያ ቤት ውስጥ ጽሑፍ አርማለሁ። ይህንንም ነገርኳት።

«ያው ቲቸር ነሽ» አለች።

ክፍሉ የቆየ ደንብ ነበረው። ጸሎት በተራ ነው። ማለዳ የኦርቶዶክሶቹ ነው፤ ነጋዴዋ ታስጀምራለች። ከምሳ በኋላ የፕሮቴስታንቶቹ ነው፤ ባንክ የምትሠራ፣ በቤተ ክርስቲያኗ ኳየር ውስጥ የምትዘምር ወጣት ዓይኗን ጨፍና ታወጣለች። ሐሙስ ረፋድ ላይ ደግሞ የእማማ ተራ ነው። እማማ ብዙ ዓመት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ የኖሩ የወሎ ሴት ናቸው፤ በክፍሉ ውስጥ ብቸኛዋ ሙስሊም ነበሩ። የውሃ ጀሪካን በመዳፋቸው ቀስ አድርገው እየመቱ መንዙማ ያሰማሉ። የአንዱ ተራ ሲሆን ሌላው ዝም ይላል። ጠባቂዎቹም ጸሎት እየሰሙ በሩን አይከፍቱም። የጻፈው የለም፤ ግን ማንም አይጥሰውም ነበር።

እኔ ተራ አልነበረኝም። ግድግዳ ተደግፌ እሰማለሁ።

«አንቺስ ከየትኞቹ ነሽ?» አለችኝ ነጋዴዋ አንድ ማለዳ።

«ከአድማጮቹ።»

«የአድማጮቹ ቤተ ክርስቲያን ወዴት ነው?»

«በየደጁ።»

ስቃ ለባንኳ ልጅ ነገረቻት። ግን እውነቴን ነበር። ልጅ ሆኜ የተቀጠርኩበት ቤት ከእንጦጦ መንገድ ብዙም አይርቅም። በማርያም ዕለት ዳገቱን ወጥቼ እንጦጦ ማርያም ግቢ፣ ዛፍ ሥር እቆማለሁ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ማኅሌቱ ተጀምሮ ጸናጽሉ ሲንሿሿ፣ መቋሚያው ወርዶ መሬት ሲነካ፣ ደረቴ ውስጥ የተዛባ ነገር ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል። በኋላ እምነቱ ተወኝ፤ ያለ ጠብ፣ ያለ ታሪክ፣ ጉንፋን እንደሚለቅ ለቀቀኝ። መስማቱ ግን አብሮት አልሄደም። የመስጊዱንም፣ የጎረቤቶቼን የቅዳሜ የመዝሙር ልምምድም ቆሜ እሰማለሁ። ሰው ፊት አላወራውም ነበር። ለማን ይወራል? አማኙ «ታዲያ ለምን አታምኚም?» ይላል፤ የማያምነው «ታዲያ ለምን ትሰሚያለሽ?» ይላል።

አሁን ወደዚያች ሐሙስ ልመለስ።

ገና ሳይነጋ መኪና ገባ። የወንዶቹ በር ሲከፈት፣ ጫማ ሲጎተት፣ ስም ሲጠራ ሰማን፤ ስሞቹ ግን አልተለዩንም። መኪናው ሰዎች ጭኖ ወጣ። ከዚያ ጸጥ አለ።

የእማማ ልጅ ከወንዶቹ ጋር ነበር። ሊይዙት የመጡት እሱን ነው፤ እማማ ልብሱን ይዘው አልለቅም ስላሉ አብረው አመጧቸው። ጠዋት ጠዋት ቧንቧው ጋ ሲታጠብ ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሰሙትና «ይኸው ነቃ» ይሉን ነበር። ያን ቀን ወንዶቹ ለመታጠብ አልወጡም። እማማ ጆሯቸውን በሩ ላይ አድርገው ቆዩ።

ጠባቂዋን ጠየቋት። ወጣት ፖሊስ ናት፣ ክፉ አልነበረችም። «እማማ፣ እኔ ሴቶቹን ብቻ ነው የማውቀው» አለቻቸው። ወደ ማዶ መጣራት ደግሞ የተከለከለ ነው። ከኔ በፊት አንዲት ሴት ባሏን በስሙ ስለተጣራች ለሁሉም ግቢ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ ተከልክሎ፣ እሷ ራሷ ወደ ሌላ ቦታ ተወስዳ ነበር።

ሴት ልጃቸው በየቀኑ ምሳ ታመጣለች። በር ላይ ሳህኑን ሲቀበሏት አንድ ሁለት ቃል ይፈቀዳል። የእማማ ጭንቀት ይህ ነበር፦ ልጁ ተወስዶ ከሆነ እህቱ ዛሬውኑ ፍለጋ መጀመር አለባት፤ ትኩስ ሳለ ያየ ሰው አይጠፋም፣ ካደረ ግን ማን ያውቃል። እዚያው ካለ ደግሞ ምስኪኗ በየጣቢያው መንከራተት የለባትም። ከምሳ በፊት ማወቅ አለባቸው።

ጀሪካኑን አምጥተው ተቀመጡ። ሐሙስ ነው፣ ተራቸው ነው። በዚያች በቀጭን ድምፃቸው ጀመሩ። መሃል ላይ አቁመው ወደ በሩ ያዳምጣሉ። ልጃቸውን በዜማው እየጠሩት እንደሆነ ገባኝ።

«እማማ፣ ልጅዎ ይቺን ያውቃታል?» አልኳቸው።

«በሷ ነው ያደገ። ትንሽ ሆኖ ሐድራ ላይ፣ ለዱዓ ስንሰበሰብ፣ ተቀባዬ ነበር፤ አጠገቤ ቁጭ ብሎ።» ከዚያ ጀሪካኑን በጣታቸው ዳበሱት። «አሁንማ ትቶታል። ‹እማ፣ ይሄ በዲናችን የለም፣ ተይው› ይለኛል። ቤት ስጀምር ተነሥቶ ይወጣል።»

«ቢሰማ ይመልሳል?»

«እንጃ ልጄ። ዝም ካለ ሄዷል ልበል፣ ተቆጥቷል ልበል፣ እሱን አላውቅም።»

ድምፃቸው ግን ግቢውን አያቋርጥም። መንዙማ ደግሞ በአንድ ሰው አይሆንም፤ አውራጁ ግጥሙን ያወጣል፣ ተቀባዮቹ አዝማቹን ይመልሳሉ። እስከዚያ ቀን እማማ አውራጅም ተቀባይም ራሳቸው ነበሩ። ወደ ነጋዴዋ ዞሬ ብንቀበላቸውስ አልኳት።

«እኔ? ማተቤን አስሬ መንዙማ?» አለች። «የንስሐ አባቴን ምን ልበላቸው? ደግሞ ሁዳዴ ነው። ጭብጨባ የለ፣ እልልታ የለ፣ የገዛ ቤተ ክርስቲያኔ ከበሮ አልነካም።»

የባንኳ ልጅ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። «ሶሪ እማማ። እኔም... ልቤ ሳይቀበለው ብዘምር ማስመሰል ነው የሚሆንብኝ።»

እማማ ምንም አልከፋቸውም። «ልክ ናችሁ ልጆቼ። እኔንስ መዝሙር ዘምሪ ብትሉኝ መች እዘምራለሁ? ማስቸገሬ ነው፣ አፉ በሉኝ።»

ከአጥሩ ውጭ የታክሲ ረዳት «ሾላ፣ ሾላ» ይላል፤ አጠገባችን ያለ ይመስላል።

«ያንን ረዳት ነበር ማሰር» አለች ነጋዴዋ። «እሱ ቢያንስ ይሰማል።» ቀጥላ እኔን አየችኝ። «ምነው፣ ቲቸር አለች አይደል? የሷን ነፍስ ማንም አልተከራያትም።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። በሕይወቴ ሰው ፊት ዘፍኜም ዘምሬም አላውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት ስሰማ አንድ ቀን ከአፌ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም።

«ድምፄ መጥፎ ነው» አልኩ።

«ለአላህ እኮ ነው» አሉ እማማ፣ «ለሬዲዮ መሰለሽ? አብሽሪ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አዝማቹ አጭር ነው፣ ለነቢዩ የሚቀርብ ሰላምታ። ቃሉን ቶሎ ያዝኩት። የመጨረሻዋ ድምፅ ግን ወደ ላይ ተነሥታ ሳትወድቅ ትቆያለች፤ እሷ እምቢ አለችኝ። ደጋግሜ ጠየቅኳቸው። እማማ ጉልበቴን ይዘው «አትቸኩይ። ትንፋሼ ሳያልቅ አትግቢ» ይሉኛል። አንዴ ከሞላ ጎደል ደረስኩባት፤ እንደገና አልኩ።

«ቲቸር፣ ለፈተና ነው እንዴ?» አለች ነጋዴዋ። «ምሳ እኮ ደረሰ።»

ጀመርን። እማማ አወጡ፣ እኔ ተቀበልኩ። የራሴን ድምፅ ስሰማ የሌላ ሰው መሰለኝ፤ ቀጭን፣ ጠርዙ የተሸራረፈ። እንደገና አወጡ፣ እንደገና ተቀበልኩ። ሁለት ቀጫጭን ድምፅ ተደምሮ ወፍራም አይሆንም። ማዶ ጸጥ እንዳለ ነው። እማማ ዓይናቸውን ጨፈኑና እዚያው የገጠሙትን አወጡ፦

የዩሱፍን አባት ዓይን ያበራህ ጌታ፣
እኔንም አሰማኝ ድምፁን ላንድ አፍታ።

«ዮሴፍማ የኛም ነው» አለች ነጋዴዋ፣ ለራሷ እንደምትናገር።

«እስር ቤት የገባው» አለች የባንኳ ልጅ።

አዝማቹን ስቀበል ከኋላዬ ሌላ ድምፅ ተሰማኝ። ነጋዴዋ አፏን ዘግታ ታንጎራጉራለች። ወፍራም፣ ገበያ መሃል ያደገ ድምፅ ነው፤ አፏ ተዘግቶ እንኳ ከኔ ይበልጣል። እጇን ብብቷ ውስጥ ከትታዋለች፣ እንዳያጨበጭብባት። አንድ ዙር ሲያልቅ «ቃሉን አላልኩም፤ እንዳትሳሳቱ» አለች። በሚቀጥለው ዙር የባንኳ ልጅ ገባች። እሷም ቃል አላወጣችም፤ «ኡ» ብቻ ነው፣ ከኛ ዝቅ ብላ፣ ኳየር ውስጥ ሁለተኛ ድምፅ እንደሚሉት። በመንዙማ እንዲህ ያለ ነገር ስለመኖሩ እርግጠኛ አይደለሁም። እማማ ግን ዓይናቸውን ከፍተው አዩዋትና ጀሪካኑን ጠንከር አድርገው መቱት። ሌሎቹም ሴቶች ተራ በተራ ማንጎራጎር ጀመሩ። ያች ዕቃ ቤት ሞላች። ግድግዳው ጀርባዬ ላይ ሲርገበገብ ይሰማኝ ነበር። ሰው ሆኜ ከተፈጠርኩ እንደዚያ ቀን ዜማ ውስጥ ገብቼ አላውቅም፤ ስሰማ የኖርኩት ከውጭ ኖሯል።

ከማዶ አንድ ድምፅ መለሰ።

ሻካራ፣ የሽማግሌ ድምፅ ነው። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አይደለም። በሚቀጥለው ዙር ሌሎች ተጨመሩበት፣ ሦስት ይሁኑ አራት አልለየሁም። እማማ ግጥሙን እያወጡ በጆሯቸው ድምፅ በድምፅ ያበጥራሉ። አይደለም። አይደለም። መዳፋቸው ጀሪካኑ ላይ መላላት ጀመረ። እኔ በውስጤ ዝም ማለቱን መተርጎም ጀመርኩ፤ ሄዷል፣ ወይስ አለና አፉን ዘግቷል?

አዝማቹ አለቀ። ማዶም አለቀ። ሁሉም ዝም ካለ በኋላ፣ ብቻውን፣ ዘግይቶ፣ አንድ ወጣት ድምፅ ያችን የመጨረሻ ድምፅ ይዞ ወደ ላይ ወጣ። አልወደቀም።

እማማ አቆሙ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «ሁሌም እንዲህ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ከሰው ኋላ ነው የሚገባ። ስንቴ ነግሬዋለሁ።» ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ።

ጀሪካኑ ዝም አለ። ነጋዴዋም፣ የባንኳ ልጅም ዝም አሉ። እሱ እንደመለሰ እኛ ብንቆም ጸሎት ሳይሆን ጥሪ እንደነበር ለሁሉም ግልጽ ይሆናል፤ ይህ በዚያች ቅጽበት ታየኝ። የማውቀው አዝማቹን ብቻ ነው። እሱኑ ጀመርኩ። ብቻዬን ዘለቅሁት፣ እንደገና ከመጀመሪያው አነሣሁት። ድምፄ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

በሩ ተከፈተ። ጠባቂዋ ናት።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ» ብዬ ተነሣሁ።

«አንቺ? ኦርቶዶክስ አይደለሽ እንዴ?»

«አይደለሁም።»

«ሙስሊም ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምንሽ ነው?»

«ዜማው ደስ ይለኛል።»

እኔን አየች። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ያደረጉትን እማማን አየች። ማዶ ያሉት ወንዶች አሁንም አዝማቹን ይዘውታል። የገባት ይመስለኛል፤ እርግጠኛ ነኝ ብዬ ግን አልጽፍም።

«በሉ ይብቃችሁ» አለች።

«እሺ። ግን ጸሎት መሃል ላይ አይቋረጥም። እንጨርሰው።» ድምፄን አላነሣሁም።

«ስንት ይቀራችኋል?»

«አንድ።»

ጠባቂዋ በሩ መቃን ላይ ተደግፋ ቆመች። እማማ ፊታቸውን ጠርገው ጀሪካኑን ሳቡና አንድ ግጥም አወጡ። ስለ ዩሱፍም ስለማንም አልነበረም፤ ምስጋና ነበር። ተቀበልን፤ ነጋዴዋ አፏን ዘግታ፣ ልጅቷ በ«ኡ»ዋ፣ እኔ በቃሉ። ማዶም ተቀበለ፤ አንዱ እንደ ልማዱ ዘግይቶ። ከዚያ ዝም አልን፤ ስላለቀ።

ምሳ መጣ። እማማ በሩ ጋ ሲሄዱ በስንጥቁ አየናቸው። ሴት ልጃቸው ሳህኑን እያቀበለች ዓይናቸውን ትፈልጋለች። እማማ አንድ ቃል ነው ያሉት፦

«አለ።»

ሴት ልጃቸው ሳቀች። ሳቋ እስከ ውስጥ ተሰማ። ያን ቀን የበላነው የሽሮ ፍትፍት ነበር፤ ነጋዴዋ ለእያንዳንዳችን አጎረሰች፣ ለኔ ሁለቴ። «ይሄኛው ለድምፅሽ ነው፤ ሕክምና ያስፈልገዋል» አለችኝ። ስቀን አልጠገብንም። ወዲያው ግን ማለዳ የተጫኑት የሌላ እናት ልጆች መሆናቸው ትዝ አለን። እማማ እጃቸውን ዘርግተው ለነሱም ዱዓ አደረጉ። ነጋዴዋ «አሜን» አለች፣ የባንኳ ልጅ «አሜን» አለች። እኔም አልኩ።

እማማና ልጃቸው ከኔ ቀድመው ተፈቱ። እኔም ወጣሁ፤ የተከሰስኩበትን ነገር ማንም ሳይነግረኝ እንደገባሁ፣ ማንም ሳይነግረኝ ተለቀቅኩ። ወዳጆቼ «እዚያ ሆነሽ አመንሽ?» ይሉኛል። አላመንኩም። እማማም አንድ ቀን እንኳ ጠይቀውኝ አያውቁም።

አሁን ሥራ በሚቀለኝ ሐሙስ ዳገቱን ወጥቼ ቤታቸው እሄዳለሁ። በሩን የሚከፍትልኝ ልጃቸው ነው። ዝምተኛ ነው፤ እኔም ዝምተኛ ስለሆንኩ ሰላምታችን አጭር ነው። ያን ቀን ስለ መለሰው ነገር አንሥተን አናውቅም። ሐሳቡን አልለወጠም፤ መንዙማ ልክ አይደለም ባይ ነው፣ እናቱ ድቤውን ከግድግዳ ሲያወርዱ ተነሥቶ ይወጣል። ቤቱ ውስጥ በዚህ የተነሣ ጠብ የለም።

ባለፈው ጊዜም ወጣና በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ማሰር ጀመረ። እማማ አወጡ፣ እኔ ተቀበልኩ። ብዙ ግጥም ካለፈ በኋላ በመጋረጃው ሥር ወደ ውጭ አየሁ። አሁንም ያንኑ አንዱን ጫማ እያሰረ ነበር።